ቁረጪው አለችኝ

ጌንት ውስጥ ናት ጓሮዬ፣ ከኩሽናው በር ጀርባ፣
ስድስት እርምጃ በአራት፣ በጡብ ግንብ ተከባ፤
ዝናብ እንኳ ጠግባለች፣ ፀሐይ ነው የሚርባት፣
የቀድሞው ተከራይ ደግሞ ብስክሌት የቀበረባት።
በመጋቢት ስቆፍር፣ ጠርሙስ ወጣ፣ ሚስማር፣
የሰንሰለት ቁራጭ፣ ማንኪያ፣ ከዚያ በኋላ አፈር።

ሌሊት ልብስ አጥባለሁ፣ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣
ሰባት መቶ አንሶላ፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም የሰው ሌሊት፤
ጠዋት ስወጣ ዓይኔ፣ የሚለምነው ቀለም፤
ለዚህ ነው የዘራሁት፣ ለሌላ ነገር አይደለም።

ዚኒያ በመስመር ዘራሁ፣ ኮስሞሱን በብትን፣
ዳህሊያ ቀበርኩ፣ ሥሩ ስኳር ድንች የሚመስለውን፤
በሽቦው ላይ ደግሞ፣ የጓያን የሥጋ ዘመድ፣
እየተጠማዘዘ የሚወጣ፣ ክር ቢያገኝ ገመድ፤
ዘሩ እንደዚያው እንደ ጓያ፣ ለበላው እግር አይራራ፣
ሽታው ግን ሥራ ይገባል፣ ሌሊት ከኔው ጋራ።

ሰኔ ላይ ፈካ ሁሉም። መቀስ ይዤ ወጣሁ፣
ይህን ቀጭን አንገት እንዴት ብዬ? መልሼ ገባሁ።
ጠረጴዛዬ እንደወትሮው ባዶውን ዋለ፣
አበባው ደጅ አርጅቶ፣ ዘር ቋጥሮ ተንጠለጠለ።
በሐምሌ አጋማሽ ቆመ። አንድ እንቡጥ አልታየም።

ጎደሊፍ፣ የትራም ሾፌር የነበረች፣ ጡረተኛ፣
(ስሟን ጉድለት አድርጎ ይሰማዋል ጆሮ የኛ)
ብቅ አለች በግንቡ ላይ፣ አገጯን ጡቡ ላይ አኑራ፣
«ምንድን ነው የምትጠብቂው?» አለች፣ ፌርማታ እንደምትጠራ።
«ካልቆረጥሽው አበባው፣ ሥራዬን ጨረስኩ ይላል፤
ዘሩን ቋጥሮ ይተኛል፣ በቃኝ ብሎ ይደርቃል።
ቁረጪው። ከቅጠሉ በላይ፣ ቆንጠጥ አድርገሽ፣ ጨክነሽ፤
አንድ ስትወስጂበት፣ ሁለት ነው የሚመልስልሽ።»

በእኔ አፍ መቁረጥ ማለት፣ ብዙ መልክ ነው ያለው፤
ትኬትም ይቆረጣል፣ ስልክም፣ ሰውም ከሰው፤
ከአንድ ሰው ቁርጥ ቃል፣ አራት ዓመት ጠብቄ፣
በሦስት መስመር መጣልኝ፤ አነበብኩት፣ አንሶላ በእጄ ጨምቄ።
ተስፋም እንደ ኮስሞስ ይሆን፣ ሲቆርጡት የሚያቆጠቁጥ?
አላውቅም።
መቀሱ ግን አለ፣ ቁርጥ።

ከዚያ ወዲህ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ግንዱን ቆርጬ በሰያፍ፣
ከውሃ በታች የሚቀር ቅጠል አንድም ሳይተርፍ፤
ዚኒያን ወገቧን ይዤ፣ ነቅነቅ አድርጌ ሳያት፣
ካልተልፈሰፈሰች ደርሳለች፣ ያኔ ነው የምቆርጣት።
ሦስት ዳህሊያ ለጠረጴዛው፣ በማርመላታ ጠርሙስ፤
እፍኝ ጓያ ለራስጌዬ (ስሙን አልቀይርም)፣ እስኪነጋ ድረስ፤
ግንዱ አጭር የሆነው፣ የተሰበረው፣ ለመስኮቱ፣
መንገደኛ ያየዋል፣ አይከፈልም ለማየቱ።
አደራደሬ አያምርም፣ ወደ ግራ ያጋድላል፤
ጎደሊፍ አይታው ሳቀች፣ «ይህ ትራም ሐዲድ ስቷል!»

ሐሙስ ሐሙስ አንድ ጠርሙስ፣ ግንቡ ላይ አኖርላታለሁ፤
በሳምንቱ ባዶውን፣ ታጥቦ አገኘዋለሁ።
ወረቀት የለው፣ ምስጋና የለው፣
ክዳኑ ብቻ ነው፣ እንደ አዲስ የሚያበራው።

ጥቅምት ሲያልቅ ውርጩ ዳህሊያዬን አጠቆረው፣
በአንድ ሌሊት፣ ምጣድ ላይ እንደተረሳ ጎመን አደረገው።
ሥሩን አውጥቼ አራገፍኩ፣ በጋዜጣ ጠቀለልኩት፣
ከአልጋዬ ሥር፣ ከክረምት ጫማዬ ጎን፣ አስተኛሁት።

ዛሬ ግንቡ ላይ ጠርሙሱ፣ ታጥቦ ቆሞ አገኘሁት፤
የምቆርጠው የለኝም።
ብድር ነው ብዬ ያዝኩት።